መታየትና መሰወር፦ የፎገራው ባለ ዘውድ ክሬንና የግልገል ዓባይ የውኃ አይጥ

መግቢያ

ከወረታ ተነሥቶ የርብን ወንዝ በመሻገር እስከ ይፋግ አካባቢ የሚዘልቀው የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጠፍጣፋ መሬት ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ጉማራና ርብ በክረምት ከዳርቻቸው እየወጡ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ገበሬው እርጥበቱን ተከትሎ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። በዚህ ሜዳ ከሚኖሩት አዕዋፍ መካከል ከሩቅ የሚለይ፣ ድምፁም የሚታወቅ አንድ ትልቅ ወፍ አለ፤ እርሱም ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን ነው። በዚያው በጣና ተፋሰስ ደቡባዊ ጫፍ፣ በግልገል ዓባይ መነሻ አካባቢ፣ ከ1927 እ.ኤ.አ. ወዲህ መኖሩ ያልተረጋገጠ አንድ ትንሽ አጥቢ እንስሳ ተመዝግቧል፤ እርሱም የኢትዮጵያ የውኃ አይጥ ነው።

ሁለቱም በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት መካከል ይቆጠራሉ። የሁለቱ አደጋ የተመሠረተበት ማስረጃ ግን በእጅጉ ይለያያል። የክሬኑ አደጋ በቆጠራ የታወቀ ነው፤ የአይጡ አደጋ የተነገረው ግን ከዝምታ ተነሥቶ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ጎን ለጎን በማስተያየት አንድ ነጥብ ያስረዳል። እንስሳ መታየቱ ለደኅንነቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ አለመታየቱም ለመጥፋቱ ማረጋገጫ አይሆንም። የጥበቃ ሥራ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሳሳት ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ የሚቀርበው ጥያቄና የሚመረጠው የምርምር ስልት የተለያየ መሆን ይገባዋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱ እንስሳት ጠባይ

ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ባሌሪካ ፓቮኒና፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ ወፍ ነው። በራሱ ላይ እንደ አክሊል የቆመ ወርቅማ ላባ፣ በጉንጮቹ ላይ ከፊሉ ነጭ ከፊሉ ቀይ የሆነ ቆዳ አለው። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኢትዮጵያ ባለው ምድር ይኖራል። ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን የኢትዮጵያው ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳኑ ጋር የምሥራቁ ንዑስ ዝርያ ነው። የእግሩ የኋላ ጣት ረጅም በመሆኑ፣ ከባለ ዘውድ ክሬኖች ውጭ ያሉት የክሬን ዝርያዎች የማይችሉትን ያደርጋል፤ በዛፍ ላይ ሰፍሮ ያድራል። ቀን ቀን በሣር ሜዳ፣ በእርሻና ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እየተዘዋወረ ዘርን፣ ነፍሳትንና ትናንሽ የውኃ እንስሳትን ይለቅማል። በበጋ በመንጋ ይሰበሰባል፤ በክረምት ግን ጥንድ ጥንድ እየሆነ ተለይቶ በረግረጉ ሣር መካከል ጎጆ ይሠራል። ሁለት ወይም ሦስት ዕንቁላል ይጥላል፤ ወንዱና ሴቷም እየተፈራረቁ ለአንድ ወር ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ለመብረር ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸዋል።

የኢትዮጵያ የውኃ አይጥ ሳይንሳዊ ስሙ ኒሎፔጋሚስ ፕሉምቤዩስ ነው። የመጀመሪያው ስም ከግሪክኛ ቃላት የተገጣጠመ ሆኖ «የዓባይ ምንጭ አይጥ» የሚል ትርጉም አለው፤ ሁለተኛው ላቲን ሲሆን የእርሳስ ብረት የሚመስለውን የጠጉሩን ቀለም ያመለክታል። እንስሳው የተገኘው የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ከአንድ የከተማው ጋዜጣ ጋር በመተባበር በ1926 እና 1927 ወደ ኢትዮጵያ በላከው የጉዞ ቡድን አማካይነት ነው። ቡድኑ ከግልገል ዓባይ መነሻ አጠገብ፣ በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አንድ ናሙና ያዘ። የቡድኑ መሪ ዊልፍሬድ ኦስጉድ በ1928 አዲስ ወገንና አዲስ ዝርያ መሆኑን ገልጾ አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ናሙና አልተገኘም። ስለ ዝርያው የሚታወቀው ሁሉ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠው ከዚህ አንድ ቆዳና የራስ ቅል የተገኘ ነው።

ይሁንና አንዱ ናሙና ብዙ ተናግሯል። ረጅም የኋላ እግሮቹ፣ ጥቅጥቅ ያለው ጠጉሩና ሰፊው የአንጎል መያዣው በውኃ ውስጥ እየተራመደ የሚያድን እንስሳ መሆኑን ይጠቁማሉ። የቅርብ ዘመዶቹ በአፍሪካ የደን ጅረቶች የሚኖሩት የኮሎሚስ ወገን አይጦች ናቸው። እነዚህ በሌሊት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው የጢማቸውን ጠጉር ከውኃው ገጽ ላይ በማሳረፍ የትናንሽ ውኃ ወለድ ነፍሳትን እንቅስቃሴ እያዳመጡ ያድናሉ። ቀደም ሲል ኒሎፔጋሚስም በኮሎሚስ ወገን ውስጥ ሊጠቃለል ይገባል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በ2020 የታተመ ጥናት ግን ከዘጠና ዓመት በላይ ካስቆጠረው ናሙና ዘረመል በማውጣት፣ የኢትዮጵያው አይጥ ለኮሎሚስ እኅት የሆነ፣ ራሱን የቻለ ወገን መሆኑን አሳይቷል።

ከዚህ አንድ ልዩነት ይከተላል። በባለ ዘውድ ክሬኖች ወገን ውስጥ ሁለት ዝርያዎች አሉ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው የዘሩን ሐረግ ይዞ ይቀራል። በኒሎፔጋሚስ ወገን ያለው ግን ይህ አንድ ዝርያ ብቻ ነው። እርሱ ጠፍቶ ከሆነ የጠፋው ሙሉ የዘር ቅርንጫፍ ነው።

«አደጋ ላይ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

በቀይ መዝገቡ አሠራር አንድ ዝርያ ለመጥፋት የቀረበ መሆኑ የሚወሰነው በተለያዩ መስፈርቶች ነው። አንዱ መስፈርት የብዛት መቀነስን ይለካል፤ ሌላው የመኖሪያ ክልሉን ጥበትና መመናመን፣ ሌሎቹ ደግሞ የቀሩትን ግለሰብ እንስሳት ቁጥር ይመዝናሉ። ስለዚህ በአንድ የደረጃ ስም የሚጠሩ ሁለት ዝርያዎች ወደዚያ ደረጃ የደረሱት በተለያየ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ባለ ዘውዱ ጥቁር ክሬን በ2010 ለመጥፋት አደጋ ተጋላጭ ወደሚባለው ደረጃ ከፍ የተደረገው ቁጥሩ በብዙ አገሮች በፍጥነት መቀነሱ ስለታወቀ ነው። ወፉ ትልቅ፣ ግልጽ ቦታ የሚወድና በቀን የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ለዓመታት ሊቆጠር ችሏል፤ ደረጃው የተሰጠውም በዚህ ንጽጽር ነው። የውኃ አይጡ ደግሞ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ተርታ ተመድቦ «ምናልባት የጠፋ» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። ለዚህ መነሻ የሆነው የመኖሪያው ጥበት፣ ናሙናው የተያዘበት አካባቢ በልቅ ግጦሽ መጎዳቱና እንስሳው ዳግም አለመገኘቱ ነው፤ ቀንሷል የሚባል የመነሻ ቁጥር አልነበረውም።

«ጠፍቷል» ለማለት ግን መዝገቡ ጥብቅ መስፈርት አለው። የመጨረሻው እንስሳ መሞቱ ከጥርጣሬ በላይ መሆን ይኖርበታል፤ ለዚህም በሚታወቀውና ሊኖርበት ይችላል በሚባለው መኖሪያ ሁሉ፣ በተገቢው ሰዓትና ወቅት፣ የተሟላ ፍለጋ መካሄድ አለበት። የውኃ አይጡ ጉዳይ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ጠፍቷል ለማለት በቂ ፍለጋ አልተሟላም፤ አለ ለማለትም ማስረጃ የለም።

መታየት ሲያታልል

ክሬኑ የሚታይ መሆኑ ጥቅም ብቻ ያለው ይመስላል። ነገር ግን በፎገራ ሁኔታ መታየቱ በሁለት መንገድ ሊያሳስት ይችላል።

የመጀመሪያው ከዕድሜው ጋር የተያያዘ ነው። ክሬን ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ጥቂት ጫጩት የሚያሳድግ ወፍ ነው። አንድ ሜዳ ለመራቢያ የማይመች ከሆነ በኋላም ያረጁት ወፎች ለዓመታት እዚያው ሊታዩ ይችላሉ። ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ አካባቢ ካሉት ጎልማሳ ክሬኖች በየዓመቱ ዘጠና በመቶው ከሞት ይተርፋሉ፣ አንድም ጫጩት ግን ለመብረር አይበቃም እንበል። ከአምስት ዓመት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ወፎች 59 በመቶው ገና በሜዳው ላይ ይኖራሉ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም 35 በመቶው ያህል ይቀራሉ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መንገደኛው ክሬን ያያል፤ የአገሩ ሰውም «ወፉ አለ» ይላል። ሕዝቡ ግን መራባት ካቆመበት ዓመት ጀምሮ ወደ መጥፋት እያዘገመ ነው። ስለዚህ ጎልማሶችን ብቻ የሚቆጥር ጥናት ዋናውን ነገር ይስተዋል። ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ክሬን ታየ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ከታዩት ውስጥ ስንቱ የዓመቱ ጫጩት ነው?» የሚለው ጭምር ነው።

ሁለተኛው ከውኃው መሸሽ ጋር የተያያዘ ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ ሸሸርና ወላላ የተባሉ ሁለት የታወቁ ረግረጎች ይገኛሉ። በ2011 የታተመ የሥነ ምህዳር ጥናት እንዳመለከተው ሸሸር በ1987 ከ1,500 ሄክታር በላይ ይሸፍን ነበር፤ በ2008 ግን ከ150 ሄክታር በታች ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህም የርብ ዳርቻ በአፈር ግንብ መታጠሩ፣ ለመስኖ ውኃ በሞተር መሳቡና እርሻ ውኃውን እየተከተለ ወደ ረግረጉ መግባቱ ምክንያት ሆነዋል። ረግረግ በጠበበ ቁጥር በሰፊው ተበታትነው የነበሩ ወፎች በቀረው ኩሬ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። በዚያ ኩሬ ዳር የሚቆጥር ተመራማሪ ቁጥሩ ጨምሮ ያገኘዋል፤ የጨመረው ግን መጨናነቁ ነው። የጠቅላላውን ሜዳ ስፋት ያልያዘ ቆጠራ ጥፋትን እንደ ዕድገት ሊያስነብብ ይችላል።

የሩዝ እርሻ ጉዳይ እዚህ ላይ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹና 1980ዎቹ ሲሆን፣ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ከአካባቢው ከጅግና ቀበሌ ነው። ቀድሞ በጎርፍ ምክንያት ለሌላ ሰብል የማይመቸውን መሬት ለብዙ ቤተሰብ የእንጀራና የገንዘብ ምንጭ አድርጎታል። ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ለክሬኑም ቢሆን የምግብ ቦታ ሊሆን ይችላል። ጎጆ ለመሥራት ግን ያልተረገጠ፣ ያልታረመ፣ ጫጩቱ እስኪበር ድረስ ከሰውና ከከብት የራቀ ሣር ያስፈልጋል። ማሳ ይህን አይሰጥም፤ በአረም ወራት ሰው የማይለየው፣ በመኸር የሚታጨድ ነውና። በዚህም ምክንያት የሩዝ ማሳ መስፋት ክሬኑን ሳያባርር መራባቱን ብቻ ሊያቋርጥ ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው የማታለል ሁኔታ የሚፈጠረውም እንዲህ ነው፤ ወፉ በማሳው ላይ እየለቀመ ይታያል፣ ጫጩት ግን አይከተለውም።

አለመታየት ሲያታልል

የውኃ አይጡ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። የግልገል ዓባይ መነሻ የተሰወረ ቦታ አይደለም። በሰከላ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ምንጭ በምእመናን ዘንድ የተከበረ ጸበል ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እዚያ ደርሰው ስለ ምንጩ ጽፈዋል። ሰው ያልደረሰበት ስፍራ ባለመሆኑ «ቢኖር ኖሮ በታየ ነበር» የሚለው ግምት በቀላሉ ይመጣል።

ግምቱ ግን ደካማ ነው። እንስሳው በሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ከጅረቱ ዳር የማይርቅ፣ ከተራ አይጥ ጋር በቀላሉ የሚምታታ ሊሆን ይችላል። በደረቅ መሬት ላይ የሚጠመድ ወጥመድ በውኃ ውስጥ የሚያድነውን እንስሳ ሊስተው ይችላል። እዚህም ላይ ቀላል ስሌት ይረዳል። አንድ ወጥመድ በአንድ ሌሊት እንስሳውን የመያዝ ዕድሉ አንድ በመቶ ነው እንበል። መቶ የወጥመድ ሌሊት ከተሠራ በኋላ ምንም ሳይያዝ የመቅረቱ ዕድል 37 በመቶ ያህል ነው፤ ይህም እንስሳው በእርግጥ በቦታው እያለ ነው። ያለመያዙ ዕድል ከአምስት በመቶ በታች እንዲሆን ሦስት መቶ የወጥመድ ሌሊት ያስፈልጋል። የመያዝ ዕድሉ አንድ በሺህ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ድካም ዐሥር እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ «ተፈልጎ አልተገኘም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብቻውን ትርጉም የለውም። በስንት ወጥመድ፣ በየትኛው ወቅት፣ ከውኃው ምን ያህል ርቀት ላይ እንደተፈለገ አብሮ ካልተነገረ ለውሳኔ መሠረት ሊሆን አይችልም።

ከስልቱ ባሻገር የአመለካከትም ችግር አለ። በአማርኛ «አይጥ» የሚለው ቃል ጎተራ ከሚያራቁተው ተባይ ጋር የተቆራኘ ነው። ገበሬው ሁሉንም አይጥ በአንድ ስም መጥራቱና ሁሉንም እንደ ጠላት ማየቱ የሚገርም አይደለም፤ በአዝመራው ላይ የሚደርሰው ጉዳት እውነተኛ ነውና። ነገር ግን በኢትዮጵያ ብቻ ከሚገኙት አጥቢ እንስሳት አብዛኞቹ አይጦችና አይጥ መሰል ትናንሽ እንስሳት ናቸው። የአገሪቱ ብርቅዬ አጥቢዎች ሲነሡ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በፖስተርና በቴምብር ላይ ይወጣሉ፤ ከቁጥሩ የሚበዛውን ድርሻ የያዙት ትናንሾቹ ግን ስም እንኳ የላቸውም። ኦስጉድ በመራው ጉዞ ውስጥ ሉዊስ አጋሲ ፉርቴስ የተባለው ታዋቂ የአዕዋፍ ሠዓሊ ነበረበት፤ የኢትዮጵያን አዕዋፍ የሣለባቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ ይደነቃሉ። ከዚያው ጉዞ የመጣው የውኃ አይጥ ግን ከጥቂት የዘርፉ ባለሙያዎች በስተቀር የሚያውቀው የለም።

የበርጋው ምስክር

እስካሁን የተባለው ነገር ወፍ ይታያል፣ ትንሽ አጥቢ አይታይም ወደሚል ድምዳሜ እንዳይወስድ አንድ ሦስተኛ ምሳሌ ማንሣት ይጠቅማል። ልዩነቱ በወፍና በአጥቢ መካከል ሳይሆን በሚታይና በሚሰወር ኑሮ መካከል ነው።

ባለ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳሮትሩራ አይረሲ፣ በረግረግ ሣር ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ ከድንቢጥ ብዙም የማይበልጥ ወፍ ነው። በዓለም ላይ ከ250 ያነሱ ጎልማሳ ወፎች እንደቀሩት ተገምቶ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ተርታ ተመድቧል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው የበርጋ ረግረግ እንደሚራባ የታወቀው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር የጥበቃ ሥራ ጀመረ። ይህ ወፍ በኑሮው ከክሬኑ ይልቅ የውኃ አይጡን ይመስላል።

በደቡብ አፍሪካ ወፉ ለረጅም ጊዜ እንግዳ ብቻ እንጂ በዚያ የሚራባ አይመስልም ነበር። በ2018 ግን በረግረግ ሣር ውስጥ የተተከሉ ራስ ሠር ካሜራዎች በሚድልፑንት ረግረግ እንደሚራባ አረጋገጡ፤ ከዚያም እውነተኛ ድምፁ ተለይቶ ታወቀ። ቀድሞ እንዳይገኝ ያደረገው የፍለጋው ስልት ከወፉ ኑሮ ጋር አለመጣጣሙ ነበር። ሰው በእግሩ ረግረግ እየረገጠ ሲፈልገው የሚሰወረው ወፍ፣ ዝም ብሎ ለሚጠብቀው ካሜራ ራሱን ገለጠ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለግልገል ዓባይም ይሠራል፤ ስልቱ ሲቀየር ዝምታው ሊሰበር ይችላል።

አንድ ጥላ ለሁለቱ ይበቃልን?

በጥበቃ ሳይንስ ውስጥ «ጥላ ዝርያ» የሚባል ሐሳብ አለ። ሰፊ መኖሪያ የሚሻ አንድ ታዋቂ እንስሳ ከተጠበቀ በመኖሪያው ያሉት ሌሎች ፍጥረታት አብረው ይጠበቃሉ የሚል ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ክሬኖች በሐይቁ ዙሪያ መኖራቸው ከስፍራው መታወቂያዎች አንዱ ነበር። ታዲያ ለክሬኑ የሚደረገው ጥበቃ የውኃ አይጡንም ይሸፍናልን?

በቦታ ከታየ አይሸፍንም። ክሬኑ የሚፈልገው በ1,800 ሜትር ላይ ያለ፣ የተኛ ውኃና ሰፊ ሣር ነው። አይጡ የተገኘው 800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በሚፈስ ምንጭ ጅረት አጠገብ ነው። ዘመዶቹ እንደሚያመለክቱት ከሆነ ጥርት ያለ ውኃ፣ በነፍሳት የበለጸገ የጅረት ወለልና የተሸፈነ ዳርቻ ይሻል። በፎገራ የሚከለል ረግረግ ለዚህ እንስሳ አንድም መጠለያ አይሆንም። በሰከላ የሚታጠር የጅረት ዳርም ለክሬኑ ጎጆ አይሰጠውም።

በሂደት ከታየ ግን ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። በደጋው የጅረት ዳር በከብት ሲረገጥና ሣሩ ሲነቀል የምንጩ ውኃ ይደፈርሳል፤ ይህ የአይጡን መኖሪያ በቀጥታ ይነካል። የታጠበው አፈር ደግሞ ቁልቁል ወርዶ በቆላው ወንዝ አልጋ ይተኛል፤ የወንዙ አልጋ ሲሞላ ጎርፉ ይበረታል፤ ጎርፉ ሲበረታ ሰው በወንዙ ዳር ግንብ ይሠራል፤ ግንቡም ረግረጉን ከዓመታዊ ውኃው ይለየዋል። በጉማራና በርብ ላይ የሚሆነው ይህ ነው፤ በግልገል ዓባይም የደጋው አፈር መታጠብ ወደ ጣና ደለል ያወርዳል። ስለዚህ የላይኛውን ተፋሰስ ማዳን ለአይጡ መኖሪያውን፣ ለክሬኑ ደግሞ የውኃውን ሥርዓት ይጠብቃል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የጋራ መኖሪያ ሳይሆን የጋራ ጥፋት ምንጭ ነው። ጥበቃውም በታጠረ ክልል ብቻ ሳይሆን በውኃው መንገድ ሁሉ ላይ መሆን አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ለምርምር የሚተወው ሥራ

ከዚህ ንጽጽር በተፋሰሱ ዙሪያ ባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ለሚገኙ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ሁለት የተለያዩ የሥራ መርሐ ግብሮች ይወጣሉ።

በክሬኑ በኩል ዋናው ሥራ መኖሩን ማረጋገጥ ሳይሆን መራባቱን መለካት ነው። ቆጠራው በማደሪያ ዛፎች ላይ ማለዳና ማታ፣ በሜዳው ሁሉ በአንድ ቀን መካሄድ አለበት፤ በአንድ ኩሬ ዳር ብቻ መወሰን የለበትም። የዓመቱ ጫጩቶች ከጎልማሶቹ ተለይተው ይመዝገቡ። ጎጆዎች ከክረምት አጋማሽ ጀምሮ እየተከታተሉ፣ የጠፉት በጎርፍ፣ በከብት፣ በሰው ወይም በአዳኝ እንስሳ መሆኑ ይለይ። ይህ መረጃ ለአስተዳደሩ ተጨባጭ ጥያቄ ያቀርባል፤ ለምሳሌ ከሸሸርና ከወላላ የሚቀረው ውኃ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ በሞተር ሳይሳብ መቆየት ይችላል ወይ የሚል። ጥያቄው ከገበሬው ጋር ካልተመከረበት መልስ አይኖረውም፤ ከባሕር ሸሽ መሬቱ የሚገኘው ሽምብራና ሩዝ የቤተሰቡ ቀለብ ነውና።

በአይጡ በኩል ደግሞ ከጥበቃ በፊት ፍለጋ ይቀድማል። ፍለጋው በአንድ ናሙና ቦታ መታሰር የለበትም። በግሽ ዓባይ አካባቢ ብቻ ሳይሆን በጮቄና በጉና ተራሮች የተሸፈነ ዳርቻ በቀራቸው የምንጭ ጅረቶች ሁሉ ሊካሄድ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ የሚፈሱ ጅረቶች ከግጦሽ በተሻለ ሁኔታ የተረፉ በመሆናቸው የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሥራውም በካህናቱና በነዋሪው ፈቃድ መጀመር ይኖርበታል። ወጥመዶች ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥና በውኃው አፍ ላይ በሌሊት ይጠመዱ፤ የተያዘውም እንስሳ በሕይወት እንዲለቀቅ ይሁን። ራስ ሠር ካሜራ በጅረቱ ወለል አቅጣጫ ይተከል። ከሁሉ በላይ በ2020 የታተመው የናሙናው ዘረመል አሁን ማነጻጸሪያ ሆኗል። ከጅረት የተቀዳ ጥቂት ሊትር ውኃ ተጣርቶ እንስሳው በውኃው ውስጥ የጣለው የዘረመል ቅንጣት ሊፈለግ ይችላል። በ1927 የተያዘው አንድ አይጥ በዚህ መንገድ ለራሱ ዝርያ የፍለጋ ቁልፍ ሆኗል። ውጤቱ አልተገኘም የሚል ቢሆን እንኳ የተሠራው የሌሊት ብዛት፣ የቦታውና የወቅቱ ዝርዝር ከታተመ ለሚቀጥለው ፈላጊ ዋጋ ይኖረዋል።

ማጠቃለያ

ባለ ዘውዱ ክሬንና የውኃ አይጡ በአንድ የአደጋ መዝገብ ላይ ቢሰፍሩም የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። በክሬኑ ዘንድ የዛሬው መታየት የነገውን መጥፋት ሊሸፍን ይችላል፤ ስለዚህ ተመራማሪው ከሚያየው ወፍ አልፎ የማያየውን ጫጩት መቁጠር አለበት። በአይጡ ዘንድ የዛሬው መሰወር መኖሩን ሊሸፍን ይችላል፤ ስለዚህ ባልተሟላ ፍለጋ ላይ ተመሥርቶ «ጠፍቷል» ማለት የመጨረሻዎቹን እንስሳት ያለ ጠባቂ መተው ይሆናል። አንዱን በዝግታ፣ ሌላውን በዝምታ ማጣት ይቻላል። የሁለቱ ጉዳት የሚጀምረው ከተመሳሳይ ስፍራ፣ ከደጋው ከተራቆተው የጅረት ዳር ነው፤ መፍትሔውም ከዚያው ይጀምራል።